የሰባ አንደኛዋ ደቂቃ ጎል

ተማሪዎቼን ስለ ኮሞሮ ብሔራዊ ቡድናችን ስጠይቃቸው ታሪኩ የሚጀምረው ጋናን ሦስት ለሁለት ካሸነፍንበት ቀን ነው። ቀጥሎ በረኞቻችን ታመውና ተጎድተው አንድ ተከላካይ ጓንት አጥልቆ ካሜሩንን በገዛ ሜዳዋ የገጠመበት ቀን ይመጣል። «ከዚያ በፊትስ?» ስላቸው፣ «ከዚያ በፊት መሸነፍ ነበር፣ መምህርት» ይሉኛል። አልተሳሳቱም። ግን የተሸነፈውም ሰው ነው፤ ጠዋት ተነስቶ፣ ጫማውን አስሮ ነው ሄዶ የተሸነፈው።

እኔ ሲቲ ማውሊዳ እባላለሁ። በታላቋ ኮሞሮ ደሴት ሰሜን ጫፍ፣ በሚትሳሚዩሊ ከተማ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይህን ጣጣ ያመጣችብኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ዛይቱኒ ናት። ዛይቱኒ በዋና ከተማችን በሞሮኒ የድሮ ጨዋታዎችን መዝገብ ከሚያሰናዱት ሰዎች አንዷ ናት። አንድ ቀን ደወለችና፣ «የድሮው ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የቶይሂር ደብተር እናንተ ከተማ ነው ያለው አሉ። ሂጂና ቀኑን፣ ውጤቱን፣ ጎል ያስቆጠረውን ሰው ስም ገልብጪልኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለችኝ።

የግማሽ ቀኑ ሥራ ስምንት ወር ፈጀ።

አሰልጣኝ ቶይሂር ካረፉ ቆይተዋል። ባለቤታቸው ደብተሩን ከልብስ ሣጥን ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ጽሕፈታቸው እንደ ጥልፍ ያምራል፤ ቃል ግን አያባክኑም። «ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ሜዳው ጥሩ ነበር።» «ስድስት ለባዶ ተሸነፍን። ልጆቹ ምሳ አልበሉም።» «አምስት ለባዶ ተሸነፍን። መሻሻል አለ።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። ጎል ያስቆጠረ ሰው ስላልነበረ የሚገለበጥ ስምም አልነበረም። «ዛይቱኒ እውነቷን ነው፣ ሥራው ቀላል ነው» እያልኩ ገጽ ስገልጥ ግን አንዱ ላይ ደረስኩ። አሰልጣኙ ዕድሜ ልካቸውን ያላስቀመጡትን ቃለ አጋኖ እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ደርድረዋል።

«አራት ለአንድ ተሸነፍን!!! በመርከብ ሁለት ቀን፣ ልጆቹን ባሕር አዙሯቸዋል፣ ዝናብ። ሰባ አንደኛ ደቂቃ። ጎሉን ያስቆጠረልን፦ አላህ።»

ዛይቱኒ ዘንድ ደወልኩ።

«አስቆጣሪው አላህ ነው ይላል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አትቀልጂ።»

«እኔ አይደለሁም፣ አሰልጣኙ ናቸው የጻፉት።»

«ሲቲ፣ ፎርሙ የሰው ስም ነው የሚፈልገው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥራ ሁለት ጨዋታዎች አንድም ጎል የለንም። የመጀመሪያዋ እሷ ናት ማለት ነው። ባዶ ልተዋት?»

ባዶ መተው አያስፈልግም ነበር። የሚትሳሚዩሊ ሰው ሁሉ ጎሏ የማን እንደሆነች ያውቃል፤ የእናቴ ወንድም የአጎቴ የምዳሆማ ናት። አጎቴ ያቺን ጎል በአደባባያችን ሠላሳ ዓመት አውርቷታል። ስሰማ አድጌአለሁ። ልጅ ሳለሁ ከስድስት ሜትር ነበር የመታት። እኔ ሳገባ ሃያ ሜትር ደርሳ ነበር። የበኩር ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ አጎቴ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ሁለት ሰው አልፎ፣ በግራ እግሩ፣ ወደ ላይኛው ማዕዘን ልኳት ነበር።

በጨረሰ ቁጥር በአደባባዩ ጥግ ወደተቀመጠው ሰው ይጠቁምና፣ «ኢቡሮይ ምስክሬ ነው!» ይላል። ኢቡሮይ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከዚያ ቡድን ከከተማችን የተመረጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፣ እሱና አጎቴ። ኢቡሮይ ግን አንገቱን አይነቀንቅም፣ አይወዘውዝም። ያስላል።

ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የቱንም ያህል ቢሸብት፣ ታላቁን ሠርግ እስኪደግስ ድረስ በአደባባይ አፍ የለውም። አግብቶ ወልዶ የልጅ ልጅ ቢያቅፍም፣ ከተማውን በሙሉ አብልቶ፣ ለዚያችው ለሚስቱ ወርቅ አጥልቆ፣ ባለ ጥልፉን ካባ እስኪደርብ ድረስ «ልጅ» ነው፤ ሽማግሌዎች ሲናገሩ ጥግ ይዞ ይሰማል። አጎቴ በሠላሳ ዓመቱ ደግሶ ካባውን ለብሷል። ኢቡሮይ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አልደገሰም።

ወረቀቴን ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«አጎቴ፣ ስምዎ መዝገብ ላይ ሊገባ ነው። የአገራችን የመጀመሪያ ጎል! እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ይደሰታል ብዬ ነበር። እስክሪብቶውን ተቀበለኝ፣ ወረቀቱን አየው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዚያ እስክሪብቶውን መለሰልኝ።

«መጀመሪያ ኢቡሮይን ጠይቂው።»

«ለምን?»

«አብሮኝ ነበራ።»

«እርስዎ ያገቡትን ጎል እሱን ልጠይቀው?»

«ልጄ፣ ጠይቂው ካልኩሽ ጠይቂው! አደባባይ ሌላ፣ መዝገብ ሌላ» አለና ሻይውን ሳይጨርስ ወደ ጓዳ ገባ።

ኢቡሮይን ያገኘሁት ባሕሩ ዳር የጀልባውን ቀዳዳ ሲደፍን ነው። የመጣሁበትን ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ።

«አጎትሽ እኔን ጠይቂው አለሽ?»

«አዎ።»

«በራሱ አፍ?»

«በራሱ አፍ።»

ሳቀ። ሳቁ እንደ ማዕበል እየሄደ እየመጣ፣ በመጨረሻ ጀልባው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይጠይቀኝ ዛሬ!» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

«ታዲያ ጎሏ የማን ናት፣ አባባ ኢቡሮይ?»

«ልጄ፣ በአደባባይ የተነገረ በአደባባይ ነው የሚመለሰው። እዚህ ጀልባ ሥር ሹክ ብልሽ ሐሜት ይሆናል። እኔ ደግሞ አደባባይ ላይ አፍ የለኝም።»

ከኋላችን ድምፅ መጣ። «አፍ የለኝም ይላል! ቤት ውስጥ ሲሆን የማን አፍ ነው ታዲያ የሚያደነቁረኝ?» ሚስቱ ሞይኑሩ ናት፤ ዓሣ ልትወስድ ሳፋ ተሸክማ መጥታ ነው። ሞይኑሩ ገበያ ውስጥ ስትስቅ እስከ መስጊዱ የምትሰማ ሴት ናት።

«ሲቲ፣ ስሚኝ» አለችኝ ሳፋውን አውርዳ። «ማርሴይ ያሉት ልጆቼ ታላቁን ሠርግ እንደግስላችሁ ካሉ ስድስት ዓመታቸው። ይሄ ሰውዬ ግን እሺ አይልም። ለምን ስለው፣ ‹በአደባባይ የምናገረው ነገር የለኝም፣ ካባ ለምኔ› ይለኛል። እኔ ያገባሁት ባል ነው ወይስ ዓሣ?»

«ዓሣ እንኳ አንቺ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል» አለ ኢቡሮይ።

«ዛሬ ግን ተያዝክ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። «የምትናገረው ተገኘ! ሲቲ፣ ሰምተሻል። ራሱ ነው ያለው፣ ‹በአደባባይ ነው የሚመለሰው› ብሎ። ኢቡሮይ፣ አልክ ወይስ አላልክም?»

ኢቡሮይ ወደ ባሕሩ ተመለከተ፤ ባሕሩ ምንም አልረዳውም። ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ደግሞ ሞይኑሩን እፈራለሁ።

«ብያለሁ» አለ።

እንግዲህ አንድ ስም ልጽፍ ሄጄ ታላቅ ሠርግ አስነሳሁ።

ወሬው እስከ ማታ ከተማውን አዳረሰው፤ በማግስቱ ከተማው ሁለት ሆነ። ባሕር ዳር ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሁሉ «ጎሏ የኢቡሮይ ናት» አሉ፤ ከየት አመጣችሁት ስትላቸው፣ «ከዝምታው» ይሉሃል። አደባባዩ ደግሞ የአጎቴ ነው። ከአሮጌው ቡድን በሕይወት ያሉ ሁለት ሰዎች ፈረንሳይ አገኘሁና በስልክ ጠየቅኳቸው። አንዱ «ጭቃ ነበር፣ የሰው ክምር ነበር» አለኝ። ሌላው የሚያስታውሰው መርከቡ ላይ ማስመለሱን ብቻ ነው።

የሚገርመው አጎቴ ነበር። የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ዝግጅቱ ሲጀመር በየጠዋቱ ኢቡሮይ ቤት እየሄደ የድግሱ አዛዥ ሆነ። ስንት በሬ ይታረድ፣ ሩዙ ከየት ይምጣ፣ ከበሮ መቺዎቹ እነማን ይሁኑ፣ ሁሉንም የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዝኩት።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሰው እኮ በሕዝብ ፊት ሊያጋልጥዎ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ደግሞ እሱን ለማናገር ይደግሳሉ?»

ቆመ። ከዘራውን አሸዋው ላይ ተከለ።

«ሲቲ፣ በሠላሳ ዓመቴ ካባ ለበስኩ። ለበስኩና ተናገርኩ። የተናገርኩትን ሁሉ ሰው ሰማ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ትንሽ ጨመርኩበት፤ አሁንም ሰሙ። ሌላ ጨመርኩ፤ ‹ኧረ ተው!› የሚል ጠፋ። ‹ተው› ሊለኝ የሚችለው አንድ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ ያስላል። የሚከራከረው የሌለው ሰው ጨው እንደሌለው ሩዝ ነው፣ ልጄ። ሆድ ይሞላል እንጂ አይጣፍጥም።»

«ታዲያ ራስዎ ለምን እውነቱን አይናገሩም?»

«የተከበረ ሰው ነኝ እኮ!» አለ ተቆጥቶ። ከዚያ ራሱ ሳቀ።

ሠርጉ የተደረገው ፈረንሳይ ያሉት ሁሉ ለእረፍት በሚመጡበት በነሐሴ ነው። ስለ ድግሱ ብዙ አላወራም፤ የበላ ያውቀዋል። ሞይኑሩን ግን ማየት ነበር። ፊቷን በሰንደል እንጨት ቅባት ተቀብታ፣ አንገቷና ክንዷ በወርቅ ተሸፍኖ፣ እንደ ወትሮዋ ጮኻ ልትስቅ ስትል ወርቁ እየከበዳት በግማሽ ትተወዋለች። ኢቡሮይ በበኩሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ካባ፣ ጥምጥም፣ በወገቡ ጎራዴ። ዕድሜ ልኩን አሸዋ የረገጠ እግሩን አዲስ ጫማ ውስጥ አስገብተውት በየአሥር እርምጃው ይቆማል። ሰው ግርማ መስሎት ነበር።

አጎቴ ከጎኑ እየሄደ፣ «ሙሽራው፣ ጥርስ ስንት ቀረህ?» አለው።

«ካንተ በአንድ ይበልጣል።»

«የሙሽሪት ዕድሜስ?»

«ድምፅህን ቀንስ፤ ከሰማች ጎራዴዬን የምትመዘው እሷ ናት።»

በተከታዩ ዓርብ፣ ከጸሎት በኋላ፣ አደባባዩ ላይ መቆሚያ ጠፋ። የድንጋይ መቀመጫዎቹን ባለ ካባዎቹ ያዙ። የሌሎቹ ከተሞች ሰዎች ሳይቀሩ በሚኒባስ መጥተዋል። እኛ ሴቶቹ በመስጊዱ ግንብ በኩል ቆመናል። ተማሪዎቼ ግንቡ ላይ ወጥተው፣ እንደ ስታዲየም «ሰ-ባ አንድ! ሰ-ባ አንድ!» ሲሉ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን አንስቶ ዝም አሰኛቸው።

ኢቡሮይ ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ በመሐል ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሰው ሁሉ የለመደው ያ ሳል መስሎት ደነገጠ።

«እኔ ሰው ነግሮኝ ሳይሆን እዚያው ስለነበርኩ ነው የምናገረው» አለ። «ዝናብ ነበር። አራት ለባዶ ተመርተናል። አሰልጣኝ ቶይሂር ከዳር ሆነው፣ ‹ልጆች፣ ጎል አላልኩም፣ ኳሷን ብቻ ንኳት!› ይላሉ። የማዕዘን ምት አገኘን። ያንን ራሱ እንደ ጎል ነበር የተደሰትንበት። ኳሷ መጣች፣ ሁሉም ዘለለ፣ እኔም ዘልዬ አንሸራተተኝና በአፍ ጢሜ ተደፋሁ። አፌ ጭቃ ሞላ። የማየው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ኳሷን ያገኘው ምዳሆማ ነው፣ መታት። ይህ እውነት ነው። ምዳሆማ፣ ወዴት ነበር የመታኻት?»

አጎቴ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ «ወደ ጎል» አለ።

«ወደ ጎል?»

«ወደ ጎል አካባቢ።»

«ምዳሆማ፣ ካባ ለብሻለሁ።»

አጎቴ ከዘራውን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ከቋሚው ሁለት ሜትር ወጣ ትል ነበር» አለ።

«ሁለት?»

«አምስት።»

«ከጎሉ በስተ ግራ ምን ነበር ያለው? ንገራቸው።»

«ባሕሩ» አለ አጎቴ፤ ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እሺ፣ ወደ ባሕሩ ነበር የመታኋት!»

«ወደ ባሕር ስትሄድ» አለ ኢቡሮይ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ በታላቅ ክብር፣ ካባውን አስተካክሎ፣ «ከኋላ መጥታ መቀመጫዬን መታችኝ። ከዚያ ዞራ በበረኛው ሌላ ወገን ገባች። የአገራችን የመጀመሪያ ጎል በዚህ አገባብ ነው የገባችው።»

ግንቡ ላይ ካሉት አንዱ በሳቅ ወደቀ፤ ምንም አልሆነም። የሞይኑሩ ሳቅ ከሁሉ በላይ ወጣ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ዘጠና ያለፋቸው ምዜ ቻንፊ፣ ጎናቸው ያለውን ሰው፣ «ምኑን ነው ያለው?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ሰውየው በጆሯቸው ጮኾ ሲነግራቸው መላው ሰው እንደገና ሳቀ።

ኢቡሮይ እጁን አነሳ።

«ቀና ስል ሁሉም ምዳሆማን አቅፈውታል። አሰልጣኝ ቶይሂር ጭቃው ላይ ተደፍተው ይጸልያሉ። ምዳሆማ ከእነሱ ትከሻ በላይ አየኝ፤ አየሁት። ያን ጊዜ ‹የእኔ ናት› ልል እችል ነበር። ግን ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን በፊት ጎል አግብተን አናውቅም። ሰው ጎል ሲያገባ ምን እንደሚያደርግም አናውቅም ነበር። ሮጬ ሄድኩና እኔም አቀፍኩት። አለቀስኩ። ዳኛው ሦስት ጊዜ ነፍቶ ነው ያላቀቀን። በዚያ ሰዓት የማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የሁላችን ነበረች። ጥያቄው የመጣው አሁን ነው።»

አጎቴ የጥምጥሙን ጫፍ ወደ ዓይኑ ወሰደው። ከዚያ አደባባዩን አቋርጦ ሄዶ ኢቡሮይን አቀፈው፤ ሁለቱ ካባዎች በጥልፋቸው ተያያዙና ለማላቀቅ ሰው አስፈለገ።

ምዜ ቻንፊ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህርቷ! ታዲያ ምን ትጽፊያለሽ?»

«ኢቡሮይ ብለሽ ጻፊ!» አለ አጎቴ።

«ምን? ምዳሆማ ብለሽ ጻፊ እንጂ!» አለ ኢቡሮይ። «የልጅ ልጆቼ ማርሴይ ሆነው በኮምፒውተር ያያሉ። ‹አያታችን በምኑ አገባ?› ሊሉ?»

«በራስህ መቀመጫ ነው ያገባኸው፣ ንብረትህ ነው!»

«እንካ፣ ሰጥቼሃለሁ!»

«አልቀበልም!»

ሠላሳ ዓመት የጠበቅነው ክርክር መጣ፤ ግን በተቃራኒው። ባሕር ዳሩና አደባባዩም ማንን እንደሚደግፉ ጠፋቸው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ዛይቱኒ ዘንድ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው።

«ዛይቱኒ፣ አንዱ የመታት ኳስ ወደ ውጭ እየሄደች የራሱ ጓደኛ ነክቷት ብትገባ፣ ጎሏ የማን ናት?»

«የነካት ሰው ናት። በምኑ ነክቷት?»

አደባባዩ እንደገና ፈነዳ። ዛይቱኒ ስልኩ ተበላሽቶ መስሏት ዘጋችው።

በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ናት፦ ሰባ አንደኛ ደቂቃ፣ ኢቡሮይ ሐማዲ። በምኑ እንዳገባ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ኢቡሮይ ከዚያን ዓርብ ወዲህ አልተቀመጠም። የስልሳ ዓመት ወሬ ተጠራቅሞበት ኖሯል። ስለ ውኃ መውረጃው ቦይ ተናገረ። የትምህርት ቤቱን አትክልት ስለሚበሉት ፍየሎች ተናገረ፤ የፍየሎቹ ባለቤት አጎቴ ስለነበረ ጨዋታው ለሁለት ዓርብ ቀጠለ። አጎቴ በየሳምንቱ ተረትቶ ይመለሳል፤ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ሞይኑሩ ግን ቤት ውስጥ ዝም ማለት ጀምሯል ብላ ሐኪም ጠይቃለች።

ያለፈው ወር ብሔራዊ ቡድኑ ሞሮኒ ሲጫወት እኔ፣ አጎቴና ኢቡሮይ ሦስታችንም በሚኒባስ ወረድን። ማሉዚኒ ስታዲየም ከፀሐይ በኩል ተቀመጥን፤ የተጠበሰ ካሳቫ በበርበሬ ገዛሁላቸው። አንድ ለአንድ ወጣን። በተመለስንበት መንገድ ሁሉ፣ እስከ ሚትሳሚዩሊ መግቢያ ድረስ፣ የእኛን ጎል ያገባው የቀኝ አጥቂው ነው ወይስ ተከላካዩ ነክቷታል እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ አቁሞ፣ «አባቶች፣ ወይ ዝም በሉ ወይ ለእኔም አስረዱኝ» አላቸው። አስረዱት።